የወፎቹን ቅዳሜ ስለ ማስመለስ

ለተከበሩ የሾላ ውሃ ልማት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

በፎገራ ሜዳ አርሶ የሚያድር፣ ሩዝ ዘርቶ የሚያጭድ፣ ወረታ ወጥቶ የሚሸጥና የሚሸምት ሕዝብ ሁሉ ሊያቀርብልዎት የሚገባውን ሰላምታ እኔ በአንድ ጠቅልዬ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እንደምን ከርመዋል? ጾሙን በሰላም ፈቱ? ቤተሰብዎ ደኅና ነው? መኪናዎስ? ስለ መኪናዎ የጠየቅሁት ለነገር አይደለም። በየቅዳሜው ገላዋን ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር እንደ ሙሽራ እግር ተፈትጎ ስትወጣ ስለማያት ለጤንነቷ እንደማያሰጋ አውቃለሁ። ላሞቻችን ግን ከሩቅም ቢሆን ሰላም በልልን ብለውኛል።

እኔን ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ትልቁም ትንሹም አጎቴ የሚለኝ እንግዳው ነኝ። ባለፈው ዓመት በምንጩ ራስጌ በጠሩት ስብሰባ ላይ ከኋላ እጄን ባወጣ፣ «አባቴ፣ ሐሳብ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» ብለው በአክብሮት ያስቀመጡኝ ሰው ነኝ። ይኸው በጽሑፍ አቀረብሁ። የዘገየሁት ፊደል የቆጠርሁት በራሴ፣ ያውም ሽፋኑ በወለቀ ብሉይ ኪዳን ላይ ስለሆነ ነው። እርስዎ ስብሰባዎን ከነቢያት ቃል ሳይጠቅሱ እንደማይከፍቱ ስላየሁ እኔም ስለ ውሃ የተባለውን ሁሉ እያገላበጥሁ ከረምሁ፤ ባገላበጥሁም ቁጥር ስለ እርስዎ የተጻፈ እየመሰለኝ ልቤ አላርፍ አለ። አንዳንድ ሰዎች ይህን ደብዳቤ አቤቱታ ሊሉት ይችላሉ። እኔ ግን ምስጋና ነው እላለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ።

ከምንጩ ራስጌ በሁለት የብረት ምሰሶ ያቆሙልን ትልቅ የቆርቆሮ ሰሌዳ፣ ፍትሕ እንደ ውሃ ይፍሰስ የሚለውን የነቢዩ አሞጽን ቃል በሰማያዊ ቀለም ተሸክሞ አሁንም ቆሟል። ቃሉ መልካም ነው፤ ምርጫውም መልካም ነው። ከክረምቱ ወዲህ ከፊሉ ታጥቦ ስለወረደ፣ እስካሁን በሰሌዳው በኩል የፈሰሰልን ቀለሙ ብቻ መሆኑን ሳልጠቁም ባልፍ ግን ነውር ይሆንብኛል። ቤቴ ገብቼ ነቢዩን ገልጬ ባየው ደግሞ፣ ሠዓሊዎ ቦታ አጥሮት ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ቃል በፊት ያለውን ትቶታል። ነቢዩ አስቀድሞ የሚናገረው፣ ፈጣሪ በዓላችሁን ጠላሁት፣ የመዝሙራችሁን ጩኸት ከፊቴ አርቁልኝ ማለቱን ነው። እርስዎ ሰሌዳውን የመረቁት በድንኳን፣ በድምፅ ማጉያና በጭብጨባ ስለነበር፣ ሠዓሊው ያንን የተወው ለእርስዎ አስቦ ይሆናል። ጨዋ ሰው ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ሁለተኛ፦ ስለ ቅዳሜ አመሰግናለሁ።

ይኸኛው ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ከእርስዎ ሌላም አንባቢ ስላለው፣ እርስዎ የሚያውቁትን ደግሜ መናገሬን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። የሾላ ውሃ ከኮረብታው ሥር ፈልቃ በቦይ ወደ ሜዳው ትወርዳለች። የሚያከፋፍለን የውሃ አባት ብለን የመረጥነው አያ አንለይ ነው። ይህ ቀን ለላይኛው ሰፈር፣ ያ ቀን ለታችኛው ሰፈር እያለ ተራ ያወጣል፤ በተራው ያልተገኘ ያጣል፣ በሰው ተራ የገባ ይቀጣል። ቅዳሜ ግን የማንም ሰው ተራ አይደለችም። ቀዳሚት ሰንበት ናትና ዶማ የሚያነሣ የለም። ስለዚህ አያቶቻችን ቦዩን እስከ ጫፉ ከፍተው ውሃዋን ቀኑን ሙሉ ወደ ጨፌው ይለቋት ነበር፤ እኛም እንደዚያው ስንለቅ ኖረናል። የወፍ ተራ እንላታለን። ጨፌው በእርሷ ጠጥቶ ይሰነብታል። ራሳቸው ላይ አክሊል የደፉት ረጃጅም ወፎች እዚያ ይውላሉ፤ መሬት የሌለው ሰው ሣር ያጭዳል፣ ዓሣ ያወጣል፣ ጥጃውን ያሰማራል።

በስብሰባው ቀን አያ አንለይ ተነሥቶ ተራውን በቃሉ እየዘረዘረ ቅዳሜ ላይ ደረሰና «የወፍ ነው» ሲል፣ ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። እርስዎም ከልብዎ ስቀው፣ እንባዎን በመሐረብ ጠርገው፣ «ወፍ የማኅበሩ አባል ነው እንዴ? መዋጮስ ይከፍላል?» ብለው ጠየቁት። አያ አንለይ ቀልድ የማይገባው ሰው ነውና «ተምች በገባ ጊዜ ይከፍላል፣ ጌታዬ፤ እናንተ መድኃኒት እስክታመጡ ለቅሞ ይጨርስልናል» አለ። እንደገና ተሳቀ። ሳቁ ሳያባራም ቅዳሜ ሥራ ፈት ውሃ ተብላ፣ ባለቤት የላትም ተብላ፣ ለልማት ተሰጠች። እኔም እጄን አወጣሁ። የቀረውን ያውቁታል።

ያን ጊዜ ልናገር የነበረው ይህን ነበር። በኦሪት መሬት ራሷ ሰንበት አላት። ስድስት ዓመት ታርሳ በሰባተኛው ትረፍ፣ የበቀለውን ድኃ ይብላ፣ ድኃ ያስተረፈውን ደግሞ የዱር አውሬ ይብላ ተብሏል። አውሬው መዋጮ ይከፍል እንደሆነ ሙሴ አልጠየቀም። ዳዊትም ፈጣሪ ምንጮችን በሸለቆ መካከል ማፍሰሱን ሲያመሰግን፣ መጀመሪያ የሚያጠጣው የሜዳ አህያን ነው። ቀጥሎ ወፎችን ከውሃው ዳር ያሰፍራል። ሰው እህሉንና ወይኑን ይዞ ብቅ የሚለው ከእነርሱ በኋላ ነው። ይህን ወረፋ ከላይ እስከ ታች ደጋግሜ አየሁት። ሽኮኮ አለች። አንበሳ አለ። በባሕር ውስጥ የሚጫወተው ታላቁ አውሬ እንኳ አልተረሳም። የጭነት መኪና ግን ፈልጌ አጣሁ።

ይህን ጽፌ መቀመጥ ስላቃተኝ ተነሥቼ ወደ ጨፌው የሚወርደውን የቦዩን ጫፍ አይቼ መጣሁ። እንደ ደረቀ ነው። ልቀጥል።

ሦስተኛ፦ ስለ ጽዳት አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ ከምንጩ በቧንቧ ተጠልፋ የምትሄደው ከአስፋልቱ ዳር ወደ ተከፈተው ላቫጆ ነው። ታንከር ሞልታ ሳምንቱን ሙሉ ታጥባለች። ከጎንደር የሚመጣውም፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈውም መኪና እዚያ ቆሞ አቧራውን ያራግፋል። ወጣቶች ሥራ አገኙ ተብሏል፤ ወጣት ሥራ ሲያገኝ የሚከፋው አጎት የለም። እኔን ያስቸገረኝ ውሃው ታጥቦበት ከወጣ በኋላ ነው። አረፋውንና የሞተር ዘይቱን ይዞ፣ ያችኑ አሮጌ ቦይ ተከትሎ፣ ከብቶቻችን ወደሚጠጡበት ኩሬ ይወርዳል። ነቢዩ ሕዝቅኤል የሰቡትን በጎች ሲወቅስ፣ ጥሩውን ውሃ መጠጣታችሁ አንሶ ነው ወይ የተረፈውን በእግራችሁ የምታደፈርሱት፣ ሌሎቹስ እናንተ የረገጣችሁትን ይጠጡ ወይ ይላል። ነቢዩ በዚያ ዘመን ጎማ ያለው በግ ስላላየ ነገሩን በእግር ብቻ ተወው። ላሜ ሕዝቅኤልን አላነበበችም። ነገር ግን ወደ ኩሬው ወርዳ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ አሽትታ ዞር ስትል፣ ሁለቱ በሐሳብ አንድ መሆናቸውን በዐይኔ አይቻለሁ።

አራተኛ፦ ስለ ቁልፉ አመሰግናለሁ።

ምንጯን በሲሚንቶ ሣጥን ከድነው በብረት በር ቆልፈዋታል። ያዕቆብ ወደ ምሥራቅ በሄደ ጊዜ ያገኘው ጉድጓድም ክዳን ነበረው፤ ትልቅ ድንጋይ ነበር። እረኞቹ መንጋው ሁሉ እስኪሰበሰብ ይጠብቁ ነበር እንጂ ቀድሞ የደረሰው ብቻውን አይከፍተውም ነበር። ድንጋዩ የከበደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ለመክፈት ብዙ ሰው እንዲጠይቅ። የእርስዎ ቁልፍ ግን የሚጠይቀው አንድ ኪስ ብቻ ነው። እርግጥ ያዕቆብ ድንጋዩን ብቻውን አንከባሎታል፤ እርሱ ግን ራሔልን አይቶ ነበር። እርስዎም እንዲያ ያለ ምክንያት ካለዎት አይፈሩ፤ ሽማግሌ ልከን እንጨርስልዎታለን።

አምስተኛ፦ ስለ ጉድጓዱ።

ዘይነብ ከመንገዱ ዳር ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። በግቢዋ ያለው ጉድጓድ የእርሷ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ለጾም ማፍጠሪያም ለክርስትና ድግስም የሚቀዳው ከዚያው ነው። ከገና ወዲህ ባልዲዋ ባዶውን መውጣት ጀመረ። እኔ ገመድሽን አይጥ እየበላብሽ ነው እያልሁ ሳፌዝባት ከረምሁ። ቀጥሎ የጎረቤቷ ደረቀ። ቀጥሎ የእኔም ደረቀና ፌዙ ቀረ። ወደ ጨፌው የቀረቡት ቀድመው ስለደረቁ ነገሩ ለማንም የተሰወረ አልሆነም። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨፌው ሲጠጣ ጉድጓዶቻችንም ከሥር ከሥር ይጠጡ ኖሯል። ወፎቹ ተራቸውን ብቻቸውን አልበሉትም ነበር።

እኛ አጋር የምንላትን ሴት እነ ዘይነብ ሐጀር ይሏታል። ጀሪካኗን ይዛ ከወንዝ ስትመለስ መንገድ ላይ አግኝቻት እግዜር ያበርታሽ ብላት፣ «ሐጀር ለልጇ ውሃ ፍለጋ በሁለቱ ኮረብታዎች መካከል ሰባት ጊዜ ብትሮጥ አላህ ምንጭ አፈለቀላት። እኔ በየቀኑ እሮጣለሁ፣ አጎቴ፤ ለእኔ የተላከልኝ ኮሚቴ ነው» አለችኝ። አባባሏ ከእኔ ስለሚሻል ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፌዋለሁ።

ኮሚቴውን ግን አላማውም። መጥቶ አይቶ፣ ማስታወሻ ይዞ፣ በደረቁት ጉድጓዶች ምትክ ትልቅ የሲሚንቶ ገንዳ መሬት ውስጥ አስቀበረልን። የተቀበረው በዋልካ አፈር ላይ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ጥጃ የሚውጥ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ይህን በዚህ ሜዳ ላይ አጥር ያጠረ ሁሉ ያውቀዋል። ገንዳውም ከአፈሩ ጋር ተስማምቶ ተሰነጠቀ። ነቢዩ ኤርምያስ ወረታን ሳያይ የሞተ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቤ ሁለት ክፉ ነገር አደረገ፤ የሕያው ውሃ ምንጭን ተወ፤ ውሃ የማይዝ ስንጥቅ ጉድጓድም ለራሱ ማሰ ብሏል። እርሱ ሲያዝን የኖረው ሕዝቡ ይህን ለማድረግ ስንት ትውልድ ስለፈጀ ነው። እርስዎ ግን ሁለቱንም በአንድ የበጀት ዓመት ፈጽመዋል። ለፍጥነትዎ ያለኝን አድናቆት በምን ቃል እንደምገልጽ አላውቅም።

አሁንም ተነሥቼ ነበር። ቦዩ ውስጥ አንድ የላስቲክ ጠርሙስ አየሁ፤ ከዚያ በቀር ለውጥ የለም።

ስድስተኛ፦ እዚህ ላይ የምስጋና ቃል ስላጠረኝ ነገሩን ብቻ እናገራለሁ።

እናኑ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከጨፌው ቄጠማ እያጨደች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። መሬት የላትም። ያላት የወፎቹ ቅዳሜ ነበር። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር የሰው ቤት ወለል የሚለብሰው በእርሷ ማጭድ ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆነውን ሳትሸጥ በስለት ትሰጣለች። እርስዎም በትንሣኤ ዋዜማ ቅዳሜ ካህናት ለምእመናን ቄጠማ እንደሚያድሉ ያውቃሉ፤ ራስዎም ሲያስሩ አይቼዎታለሁ። በኖኅ ዘመን ርግቢቱ ለምለም ቅጠል በአፏ ይዛ መጥታ የጥፋት ውሃ መጉደሉን እንዳበሠረች፣ ቄጠማውም የምሥራች ሆኖ በራስ ላይ ይታሰራል።

ዘንድሮ እናኑ ማጭዷን ይዛ ወደ ጨፌው ወረደች። ድሮ እስከ ጉልበቷ የምትገባበት ስፍራ በጫማዋ አቧራ አስነሣ። የዞረችውን ዞራ ያመጣችው እስር ለአንድ ጎጆ ወለል የማይበቃ ነበር። መሪጌታ አዛናው ያን ተቀብለው፣ እያንዳንዱን ዘለላ በጥፍራቸው እየሰነጠቁ፣ ለሕዝቡ እንደ ክር አደሉት። እንደ ልማዱም ውሃው ጎደለ ብለው ሲያበሥሩ፣ ከኋላ አንዲት ባልቴት «እሱንማ እኛም አይተናል፣ የኔታ» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እንዲያ ስንስቅ የዚያ ስብሰባ ሳቅ ትዝ አለኝ መሰለኝ፣ የእኔ መሐል ላይ ተቋረጠ። ቀና ስል አያ አንለይ አይስቅም። መሪጌታም አይስቁም፤ በእጃቸው የቀረውን ክር እያዩ ነበር። በኖኅ ዘመን ውሃው ሲጎድል ቅጠል ተገኘ። በእርስዎ ዘመን ውሃው ሲጎድል ቅጠሉ ጠፋ። ያው ብሥራት ነው፤ የተገለበጠ ብቻ ነው።

እናኑ ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት ጀምሮ ሥራ ተገኝቶላታል። የት ቢሉ ላቫጆው ዘንድ ነው። የሰው ቤት ወለል ስታለብስ የኖረች ሴት፣ በገዛ ቅዳሜዋ ውሃ የመኪና ምንጣፍ ልታጥብ ነው። ልጆቿን ለማን ትታ እንደምትሄድ ብጠይቃት ማጭዷን በጨርቅ ጠቅልላ ከጣሪያው ውስጥ ስትሰካው አየሁ። ማጭድ በጨርቅ የሚጠቀለለው ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ነው። እኔን መቀመጫ ያሳጣኝ ይህ ነው፣ ክቡር ሆይ። ሰሌዳው ይቁም፣ ገንዳው ይሰንጠቅ፣ መኪናዎም ትታጠብ። ላቫጆውም ቢሆን ከሌሎቹ ቀኖች ከእያንዳንዳችን ተራ ተቆንጥሮ ይሰጠው፤ አያ አንለይ አከፋፍላለሁ ብሏል፤ የላይኛው ሰፈርም የታችኛውም እያጉረመረመ ተስማምቷል። አጉረምርሞ የተስማማ ሰው ቃሉን እንደማያጥፍ ያውቃሉ። ቅዳሜን ብቻ ይመልሱልን። ክረምቱ ሳይገባ የምትመጣውን ቅዳሜ ጨፌው ካገኘ ሥሩ ገና አልሞተም፤ ቄጠማ ታጋሽ ነው፣ ውሃ ካየ ይነሣል። ሥሩ ከሞተ በኋላ ግን ነቢይ ቢላክለትም የሚነሣ አይመስለኝም።

በሰው ተራ የማልገባ፣ ተራዬንም የማልረሳ፣ ለጤንነትዎ፣ ለወንበርዎና ለኪስዎ ቁልፍ ዘወትር የምጸልይ፣ ከደረቀው ቦይ ጫፍ ቆሜ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥዎ እንግዳው
ከፎገራ ሜዳ፣ በትንሣኤ ሳምንት

ግልባጭ፦
ለአያ አንለይ፣ የውሃ አባት
ለዘይነብ ሱቅ በር፣ እንዲለጠፍ
ለወፎቹ፣ አድራሻቸውን የሚያውቅ ካለ

ከፊርማው በኋላ የመጣ ነገር፦ ይህን ልዘጋ ስል ሾፌርዎ በታጠበችው መኪና እናኑ ደጅ መጥቶ ነበር። የፊታችን ቅዳሜ ጽሕፈት ቤትዎ የአረንጓዴ ልማት ቀንን ስለሚያከብር፣ ለመድረኩ የሚጎዘጎዝ ቄጠማ እንድታቀርብ ጠይቋታል። እናኑ ሰው ባዶ እጁን መመለስ ስለማትወድ፣ ከትንሣኤ ዋዜማ ጀምሮ በራሷ ላይ ያሰረቻትን አንዲት ክር ፈትታ ሰጠችው። ሾፌሩ አፍሮ ስላልተቀበላት እኔ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያታለሁ። ለመድረክ አትበቃም፤ ለራስ ግን ትበቃለች። ኖኅ ያንን ቅጠል ካየ በኋላ የመርከቡን ክዳን በሙሉ አነሣ። ከእርስዎ የምንለምነው ያን ያህል አይደለም፤ ኪስዎን አንድ ጊዜ እንዲዳብሱልን ነው።